በባዶ ጆሮ

ረድዋን መድረክ ላይ ቆሞ «እዚህ ምን እየሠራሁ ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበለት።

ሶሊያና ከግራ ጎኑ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል ከቆመችበት ቦታ ላይ ሆና፣ ቤዝ ጊታሯን ሳታቋርጥ አየችው። ጊታሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እጆቹ ወደ ታች ወርደዋል። ከንፈሩ ማይክራፎኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ደግሞ ጠየቀ። «ይኼ የማን ቤት ነው? ማነው የጠራኝ?»

ከፊተኛው መደዳ አንዲት ልጅ እንባዋን ጠረገች። ከኋላ ያሉት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይወዛወዛሉ። ያ ቦታ «አቧራው ሲቀመጥ» የሚለው ዝነኛ ዘፈናቸው ሁለተኛ ስንኝ የሚገባበት ቦታ ነው። ሕዝቡም ሁለተኛውን ስንኝ እየሰማ ነበር።

ክሩቤል ከድራሙ ኋላ ሆኖ ወደ ሶሊያና ተመለከተ። በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ሁለቱም ምቱን አለዘቡ፤ የረድዋን ጥያቄ የሚያርፍበት ቦታ አበጁለት። እሱም ያን ቦታ ሲያገኝ ጥያቄውን ዜማ አደረገው። ይህን የሰሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ድሬዳዋ ውስጥ ጠብታ፣ ያ የሚሰማውን ሁሉ እያረመ የሚያደርስ ትንሽ የጆሮ መሣሪያ፣ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ፊትን እንደ መታጠብ ነው፤ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ጆሮው ውስጥ ያደርገዋል። የጎረቤት ጠብ ለዝቦ ይደርሳል፤ የባለሱቅ ስድብ በመንገድ ይቀራል፤ አዛንና ቅዳሴ ለሚፈልጋቸው ይጎላሉ፣ ለማይፈልጋቸው ይጠፋሉ። ሙዚቃም እንዲሁ። ወደ ከዚራ ሰፈር አዳራሽ የሚመጣ ሰው «ደረቅ ወንዝ» ባንድን የሚሰማው ወላጆቹ በሰሙት መልክ፣ አለዚያም እሱ ራሱ ይሻላል ባለው መልክ ነው። አንዱ ቀስ ይላል፣ ሌላው ያፋጥነዋል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስሟን ስንኙ ውስጥ ያስገባል። ረድዋን ለሁሉም ጎልማሳ ሆኖ ይዘፍናል።

ጠብታ የተከለከለው ለመድረክ ሰዎች ብቻ ነው። ማስታወቂያ ላይ «ሕያው» ብሎ ለመጻፍ፣ መድረክ ላይ የቆሙት ሰዎች በገዛ ጆሯቸው እየሰሙ የሚጫወቱ መሆን አለባቸው ይላል ሕጉ። ሰው ደግሞ ሕያው ነገር ይወዳል። አዳራሹ የማይሞላበት ቅዳሜ የለም።

ትርኢቱ የሚያልቀው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ረፋዱ ላይ የጥላ ደወል ሲደወል መንገድ ላይ ሰው አይቀርም፤ ከተማው ምድር ቤት ወርዶ እስኪመሽ ይተኛል። ስለዚህ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሮኩም በንጋት ነው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ረድዋን ላብ ያጠመቀውን ሸሚዙን እያወለቀ፣ «እንዴት ነበርኩ?» አለ።

«አንደኛ አቦ!» አለ ክሩቤል። «ሁለተኛውን ስንኝ ግን በጥያቄ ጨረስከው። ስታረጅ መፈላሰፍ ጀመርክ።»

«ያረጀስ አባትህ!»

ረድዋን ሳቀ። ሲስቅ ምንም የጎደለው አይመስልም። ከዚያ ወደ ሶሊያና ዞሮ ስሟን ፈለገው። ዓይኖቹ ፊቷ ላይ ሲንከራተቱ አየች።

«አንቺ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጥሩ ነበርክ» አለችው።

ደረቅ ወንዝ ገና ሲመሠረት ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ደንብ አለው። አንዱ ሲሳሳት ሌሎቹ አያርሙትም፤ ተከትለውት ይሳሳታሉ። ደንቡን ያወጣው ማንም አይደለም። ወጣት ሳሉ ሳቢያን ሰፈር በተደገሰ አንድ ሠርግ ላይ ረድዋን አዝማቹን ቀድሞ ገባ፤ ሶሊያናና ክሩቤል እየተደነባበሩ ተከተሉት፤ ከሠርገኛው ያወቀባቸው አልነበረም። ያ ስህተት በኋላ «አቧራው ሲቀመጥ» ሆነ። ለእነሱ ብሉዝ ማለት ይኼው ነው፤ የተደናቀፈውን ደግፎ የሚጨፍር አስመስሎ ማሳለፍ። የእኩዮቻቸው ባንዶች ሁሉ ሲፈርሱ እነሱን ያቆያቸው ይህ እንደሆነ ያምናሉ።

ረድዋን ቃል መርሳት ሲጀምርም የሚያውቁትን አደረጉ። ስንኝ ሲዘል አብረው ዘለሉ። አንዱን መስመር ደጋግሞ ሲያዞር አብረው ዞሩ። ዝም ሲል ዝምታውን የታሰበበት አስመሰሉት። ረድዋንም ከመድረክ የሚወርደው ሁልጊዜ ጤነኛ ሆኖ ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ ሲሉት «ምን ሆኜ? ቅዳሜ አላያችሁኝም እንዴ?» ይላቸዋል። ቅዳሜን የሠሩለት ግን እነሱው ናቸው። ለምነው ሲወስዱት ጊዜው አልፎ ነበር። ሐኪሟ የአንጎሉን ምስል ስታይ ቆይታ፣ «እስከዛሬ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?» አለች። ክሩቤል ጉሮሮውን ጠረገ። ሶሊያና ወለሉን አየች።

አዲሱ ዘፈን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልምምዳቸው ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ክሩቤል ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። የጥላ ደወል ተደውሎ፣ ከላይ ከተማው ጸጥ ብሎ፣ ረድዋን ጊታሩን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ድንገት መታው። ቅኝቱ የሚያውቁት አልነበረም። ክሩቤል በመዳፉ ብቻ ተከተለው። ረድዋን ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ፦

«ስምሽ ከንፈሬ ላይ ነበር፣
ከንፈሬን ማን ወሰደው?
ቤቱንስ አውቀዋለሁ፣
በሩ ነው የጠፋብኝ።»

ድምፁ የድሮው አልነበረም። መሃል ላይ ይቀደዳል፤ ከተቀደደበትም ትንፋሽ ይገባል። ሶሊያና ጣቶቿ ክሩ ላይ እንዳሉ ደርቃ ቀረች። ዕድሜዋን በሙሉ ብሉዝ ስትጫወት ኖራ፣ ብሉዝ የሰማችው ያን ቀን ገና መሰላት።

ሲጨርስ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

«አስፈራኋችሁ መሰለኝ» አለ ረድዋን።

«ወላሂ ይኼን ከየት አመጣኸው?» አለ ክሩቤል። ክርስቲያን ነው፤ ግን ሲደነግጥ ወላሂ ይላል።

«ምኑን?»

በሚቀጥለው ልምምድ ረድዋን እንደተቀመጠ፣ «አዲስ ነገር መጣልኝ፣ ስሙማ» አለና ያንኑ ዘፈን ዘፈነ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ለእሱ ሁልጊዜ ያኔ እንደተወለደ ነው። ለሶሊያና ግን በየጊዜው እያጠረ ነበር። መጀመሪያ ስለ አንዲት መስኮት የሚለው ስንኝ ወደቀ። ቀጥሎ ዝናብ የሚለው ወደቀ። ጠፍቶ እስኪያልቅ የቀረው ጥቂት እንደሆነ ገባት። የማንን ስም እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም። ሊነግራት እንደማይችል ታውቃለች፤ ቢችልም መስማት መፈለጓን እርግጠኛ አልነበረችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ይህ ዘፈን ሳይሞት፣ እንደተዘፈነ ሆኖ፣ ከእነሱ ሌላ ሰው ይስማው።

ክሩቤል በድሮ መቅጃ ቀድቶት ነበር። ቅጂውን ለጎረቤቱ ሲያሰማው ሰውየው «ደስ ይላል፣ ልጅነቴን አስታወሰኝ» አለው። በሰውየው ጠብታ ያለፈው ዘፈን ታርሞ ነበር የደረሰው። ሳይታረም እንዲደርስ በባለቤቱ ስም መመዝገብ አለበት ተባለ፤ ስለዚህ ወደ መቅጃ ቤት ሄዱ።

መቅጃ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ግድግዳው በጨዋ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፣ አርቲስት ረድዋን» አላቸው። ረድዋን ለግድግዳው እጅ ነሳ። ዘፈነ። ያን ቀን ጥሩ ዘፈነ።

«ይቅርታ» አለ ግድግዳው። «የቀረበው ድምፅ ከአርቲስቱ ድምፅ ጋር አይመሳሰልም። በአርቲስቱ ስም ልመዘግበው አልችልም።»

«አርቲስቱ እኮ እሱ ነው» አለች ሶሊያና። «ሲገባ በስሙ ጠርተኸው የለም?»

«በመልካቸው አውቄያቸዋለሁ። ድምፁ ግን የእሳቸው አይደለም። ከፈለጉ ላስተካክለው እችላለሁ።»

ክሩቤል ሊከለክል አፉን ሲከፍት ክፍሉ በሙዚቃ ተሞላ። ሙሉ፣ ወፍራም፣ ምንም ቀዳዳ የሌለው የጎልማሳ ድምፅ ነበር። ግድግዳው ቃሉንም አርሞት ነበር፦

«ስምሽ ከንፈሬ ላይ ነው፣
ከንፈሬም አልረሳው፣
ቤቱንም አውቀዋለሁ፣
በሩንም አገኘሁት።»

ረድዋን አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ይኼ ልጅ ማነው?» አለ። «ድምፁ ያምራል። ግን ምንም አልደረሰበትም።»

ክሩቤል እየሳቀ ወጣ፤ ደጅ ሲደርስ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ሶሊያና ጀርባውን ስትነካው ሳቁ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አወቀች።

በማግስቱ ወደ አዳራሹ ሄደች። ሚልኪ የአዳራሹ የድምፅ ኃላፊ ናት። ከመስታወት ኋላ ተቀምጣ የምትሠራ፣ ነገር የማታበዛ ወጣት ሴት ነች። ለሥራዋ ስትል ጠብታዋን አውጥታ የምትሰማበት ጊዜ አለ ይባላል።

«አንድ ዘፈን ብቻ» አለች ሶሊያና። «ለአንድ ዘፈን ሕዝቡ በባዶ ጆሮው እንዲሰማ አድርጊልኝ።»

«አልችልም እትዬ ሶሊ። ጠብታው የየሰዉ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ የምዘጋው አይደለም።»

«ታዲያ አውጡ ብዬ ልንገራቸው?»

«ይንገሯቸው። ግን እንዳሉት አይደርሳቸውም።»

ሶሊያና የመጣችበትን እውነተኛ ምክንያት ለመናገር ስታመነታ ቆይታ፣ «ረድዋን ደህና አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል።» ሚልኪ ከድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዋ ቀና አላለችም። «ያኔ መስመር ሲደጋግም ሰማሁት። እናንተ እንዴት አድርጋችሁ እንደምትይዙት እያየሁ እገረማለሁ፤ እውነቴን ነው።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ቅሬታ ያቀረበ ተመልካች የለም።» ከዚያ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። «እትዬ ሶሊ፣ በአፍዎ አይንገሯቸው። ጠብታ የሚያርመው የሚሰማውን እንጂ የሚታየውን አይደለም። በእጅዎ ያሳዩአቸው። ግን ሰው ለምዶት ሲያወጣው ያመዋል፣ ይወቁት።»

ቅዳሜ ረድዋን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ክሩቤል እየነዳ ሲያመጣው መንገዱን ሁሉ አዲሱን ዘፈን ሲያንጎራጉር ነበር፤ የቀረው ያ የመጀመሪያው ስንኝና ሌላ አንድ ብቻ ነው። «ዛሬ ካልሆነ የለም» አለ ክሩቤል በሶሊያና ጆሮ።

ሁለት የቆዩ ዘፈኖች ተጫወቱ። ከዚያ ሶሊያና ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጣች። መጀመሪያ፣ አይሆንም መባሏን እያወቀች፣ በማይክራፎኑ ሞከረችው፤ «እባካችሁ ጠብታችሁን አውጡልን።» ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። በየጠብታቸው ምን ሆኖ እንደደረሳቸው አላወቀችም፤ ድሬ እንወዳችኋለን የሚል ነገር ሳይሆን አይቀርም።

እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የሆነ ነገር የምትነቅል መሰለች፤ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው። ሳቁ። አዲስ ጭፈራ መስሏቸው ተከተሏት፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ከጆሮው አየር እየነቀለ መዳፉን ዘረጋ። እሷ አልሳቀችም። ደግማ አደረገችው፤ እጆቿን አጣምራም ለመነች። ከፊት መደዳ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰረች ሴት ፊቷ ተለወጠ፤ ቀስ ብላ ጠብታዋን አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤቷ አያት። ከዚያ መደዳው፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ አዳራሹ።

መጀመሪያ የሰሙት የማቀዝቀዣውን ጩኸት ነው። ከዚያ የገዛ ሳላቸውን። ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ራቁታቸውን የተገናኙ ይመስል።

ሶሊያና ቤዙን ጀመረች። ክሩቤል በመዳፉ ገባ። ረድዋን ማይክራፎኑ ጋ ቀረበና ዘፈነ።

«ስምሽ ከንፈሬ ላይ ነበር፣
ከንፈሬን ማን ወሰደው?»

ድምፁ ተቀደደ። ጠብታ ውስጥ ሳይገባ፣ ሳይሰፋ፣ እንደተቀደደ አዳራሹ ላይ ወደቀ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። «ቤቱንስ አውቀዋለሁ» ሲል ሶሊያና መደዳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። ሰሙት፣ አለች በልቧ። ሰሙት።

ከዚያ አንድ ሰው፣ ጨዋነት በተሞላበት ድምፅ፣ «ምን ሆነው ነው?» አለ።

ጥያቄው ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ። ከኋላ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። «አሟቸው ነው እንዴ?» «የሚያውቃቸው ሰው የለም?» አንድ እጅ ወደ ጆሮ ተመለሰ። ቀጥሎ ሌላ። በክፋት አልነበረም፤ የታመመ ሰው ሲለብስ ፊትን እንደ ማዞር ያለ ነገር ነበር። መደዳው በሙሉ እጁን ሲያነሳ ረድዋን አየ። ጆሯቸውን የሸፈኑት መስሎት ይሁን ሌላ፣ ዘፈኑን አቆመ።

አፉ ተዘግቶ ቆመ። ሕዝቡም ፊቱ እየፈካ መጣ። ትከሻዎች መወዛወዝ ጀመሩ፤ ከንፈሮች ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እየጮኸ «አቧራው ሲቀመጥ»ን አብሮ ዘፈነ፣ አፉን ከዘጋው ሰውዬ ጋር።

«ማነው የሚዘፍነው?» አለ ረድዋን ወደ ሶሊያና ዞሮ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ?» ከንፈሩን በጣቱ ነካው።

ጊታሩን ከአንገቱ አውጥቶ አምፕሊፋየሩ ላይ አስደገፈና የመድረኩን ደረጃ ወረደ። ሶሊያና ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን ቤዙ ካቆመ ዘፈኑ እዚያው ያልቃል። ቆመች። ረድዋን ባለሻሿ ሴት ጋ ደረሰ። ጠብታዋን አሁንም መዳፏ ላይ ይዛ ነበር። ከአዳራሹ ሁሉ መልሳ ያላስገባች እሷ ብቻ ናት።

«እህቴ፣ ምንድነው የሚሰሙት?»

«እርስዎን ነው፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ።

«እስቲ እኔም ልስማ።»

ሰጠችው። አዘውትሮ እንደሚያደርግ ሰው በቀላሉ ጆሮው ውስጥ አስገባው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ድካም በሙሉ እየተፈታ ወረደ፤ አጠገቧ የነበረው ሰው ለጭፈራ ተነስቶ በተወው መቀመጫ ላይ ተቀመጠና በእግሩ ምት መምታት ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሶሊያና ከመድረኩ ሆና አነበበችው፤ የ«አቧራው ሲቀመጥ» ሁለተኛ ስንኝ ነበር፣ ከዚያ አዝማቹ፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንድም ቃል አልሳተም።

ሁለቱ መድረኩ ላይ አዲሱን ዘፈን እንደያዙ ቀሩ። ክሩቤል «ምን እናድርግ?» በሚል ዓይን አያት። ሶሊያና ወደ ረድዋን ማይክራፎን ሄደች። ዘፍና አታውቅም። ድምፅ የላትም፤ ይህን ሃምሳ ዓመት ሲቀልዱባት ኖረዋል። «በሩ ነው የጠፋብኝ» አለች። ደግማ አለችው። የወደቀውን የመስኮቱን ስንኝ፣ የወደቀውን የዝናቡን ስንኝ፣ ከትዝታዋ አውጥታ በየቦታቸው መለሰቻቸው። ባለሻሿ ሴት በባዶ ጆሮዋ ቀና ብላ አየቻት። ለአንድ ስንኝ ያህል የሁለቱ ዓይን አልተላቀቀም።

አንድ የአዳራሹ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ ትርፍ ጠብታ ለሴትዮዋ አቀረበላት። ተቀበለችው። ጥቂት አመነታች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሶሊያናን ይቅርታ ጠየቀቻትና አስገባችው።

ሶሊያና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ክሩቤል እንባውን ሳይጠርግ መታላት። ከመስታወቱ ኋላ ሚልኪ አውራ ጣቷን አነሳች፤ በገዛ ጆሮው የሚጫወት ሰው መድረክ ላይ እስካለ ትርኢቱ በሕጉ ሕያው ነው።

አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ረድዋንም ከሁሉ ጋር ተነሳ፤ እጆቹን ከራሱ በላይ አድርጎ፣ ዓይኖቹ እያበሩ፣ ቀጥታ ሶሊያናን እያየ አጨበጨበላት። ከዚያ ወደ ባለሻሿ ሴት ዘንበል አለ።

«ጎበዞች ናቸው አቦ!» አላት ጮክ ብሎ። «ከየት የመጡ ናቸው?»

ሴትዮዋ በጠብታዋ ምን እንደሰማች አይታወቅም። ፈገግ ብላ እጁን ጨበጠችው።